«የበላሁትን መድኃኒቱ በላብኝ»፦ እማማ ያነሱትን ጥያቄ ማን ይመልስ?

ጠዳ የጤና ባለሙያ የሚወጣባት ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት፣ አዘዞን አለፍ ብሎ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ እዚያ ነው። ነርሱም፣ አዋላጇም፣ የመድኃኒት ባለሙያውም ከዚያ ተመርቀው በየወረዳው ይበተናሉ። በዚችው ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ግን የደም ግፊት ኪኒናቸውን ጥግ ሸጉጠው የተዉ እናቶችን ማግኘት አይቸግርም። ለምን ተዉት ሲባሉ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፦ «አንጀቴን አደረቀው። የምበላው ሁሉ ሰውነቴ ላይ አልቀመጥ አለ።»

ይህ አቤቱታ ሁለት ዓይነት ምላሽ ያገኛል። ነጭ ጋዋን የለበሰው፣ ከደጁ ወረፋ የተሰለፈበት፣ ቀና ሳይል «እማማ፣ መድኃኒቱ ምንም አያደርግዎትም፤ ዝም ብለው ይዋጡ» ይላል። በየስልኩ የሚያስተዋውቀው ዱቄት ሻጭ ደግሞ «እናቴ፣ ኬሚካል እኮ ነው የጨረስዎት፤ ይቺን በማር በጥብጠው አንድ ወር ይጠጡ፣ ኪኒናውን ይጥሉታል» ይላል። ከሁለቱም ይልቅ ለእውነቱ የቀረቡት እማማ ራሳቸው ናቸው። የተሳሳቱት ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ዝርዝሩን እንዲነግራቸው ደግሞ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው አለ።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስል፦ በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ከነዚህም አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ተመርምሮ፣ ደብተር አውጥቶ፣ ኪኒን የጀመረ ሰው ብዙ ተደክሞበት የተገኘ ሰው ነው። እሱን «ዝም ብለህ ዋጥ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማጣት ትልቅ ብክነት ነው። ያቆመ ሰው ወዲያው ምንም አይሰማውም፤ እንዲያውም ቀለል ሊለው ይችላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ግን ያንን ቀን ከተወው ኪኒን ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም።

ለመሆኑ መድኃኒቱ ምግብ እንዳይዋሐድ ያደርጋል ወይ? መልሱ «የትኛው መድኃኒት?» በሚል ጥያቄ ይጀምራል። የደም ግፊት መድኃኒት እንደ ጨው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በአገራችን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኒፊዲፒን፣ ፉሮሴማይድ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ሜቲልዶፓ ናቸው። እያንዳንዱ የሚሠራበት መንገድ ሌላ ነው፤ ከምግብ ጋር ያለው ጠብም ሌላ።

ሕዝቡ «የሽንት ኪኒን» የሚለው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውኃ በኩላሊት በኩል እንዲወጣ ያደርጋል። ሶዲየሙ ሲወጣ ግን ብቻውን አይወጣም፤ ፖታሺየም፣ ማግኒዥየምና ዚንክ ይዞ ይወጣል። ፉሮሴማይድ ደግሞ ካልሲየምና ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምርበታል። እዚህ ላይ አንጀት ጥፋት የለበትም። ምግቡ ገብቷል፣ ተዋሕዷል፤ የሚፈሰው ከታች ነው። ፖታሺየም ሲያንስ እግር ይዝላል፣ ባት ይኮማተራል፣ ልብ ይደልቃል። እማማ «ሰውነቴ ላይ አልቀመጥ አለ» የሚሉት ይህንኑ ሊሆን ይችላል። የሚሰማቸው ነገር እውነት ነው፤ ስሙን ብቻ ነው ያልነገሯቸው።

መፍትሔውም ከባድ አልነበረም። መጠኑን ዝቅ ማድረግ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ማጣመር፣ የፖታሺየም ምርመራ ማድረግ፤ ደግሞም ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ባቄላውን፣ ድንቹን፣ ጎመኑን ከገበታ አለማጉደል። የደምቢያ ሜዳ ሽምብራ አጥቶ አያውቅም። ምርመራው ነው የሚቸግረው፤ አብዛኛው ጤና ጣቢያ ፖታሺየም የሚለካበት መሣሪያ የለውም።

ኢናላፕሪል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ፖታሺየምን ይይዛል። ኩላሊታቸው የደከመ፣ ኢናላፕሪል የሚወስዱ ሰው «ግፊት ላለበት ፖታሺየም ጥሩ ነው» የሚል ጽሑፍ አንብበው ከገበያ የፖታሺየም እንክብል ወይም በፖታሺየም የተሠራ የጨው ምትክ ቢወስዱ ልባቸው ሊቆም ይችላል። ለአንዷ ጎረቤት የሚጠቅመው ምክር ሌላዋን ይገድላል። «ለደም ግፊት ታማሚዎች በሙሉ» ብሎ የሚጀምር የስልክ ምክር ሁሉ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ጸሐፊው ቅን ቢሆንም እንኳ።

አምሎዲፒን ከምግብ ጋር እምብዛም ጉዳይ የለውም። በባዶ ሆድም፣ ከምሳ በኋላም፣ ያው ነው። የሱ ጣጣ ቁርጭምጭሚት ማሳበጡ ነው፤ ብዙ ሰውም እብጠቱን «ኩላሊቴን ነካው» ብሎ ተርጉሞ ያቆመዋል። ካፕቶፕሪል ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ምግቡ ነው መድኃኒቱን የሚበላው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በግልጽ ስለሚቀንስ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ይህ ለስንቱ ተነግሮት ይሆን?

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የነፍሰ ጡሮቹ ነገር ነው።

ግፊቷ ከፍ ያለ ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ የምትሰጠው ሜቲልዶፓ ነው፤ ለፅንሱ ደኅንነቱ ለረጅም ዘመን የታየ አሮጌ መድኃኒት። ያችው ሴት በእርግዝና ክትትል ላይ እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር ብረትና ፎሊክ አሲድ የያዘ ኪኒን ትሰጣለች፤ 60 ሚሊ ግራም ብረት፣ በየቀኑ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጓታል። ቤቷ ስትደርስ ግን ምን ታደርጋለች? እንዳትረሳ ብላ ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጣቸዋለች። አንጀት ውስጥ ብረቱ ሜቲልዶፓውን ይይዘዋል፤ የተያዘው መድኃኒት ወደ ደም አይገባም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1988 በጥቂት ታካሚዎች ላይ ፈትነው አሳትመዋል፤ ሜቲልዶፓ ይወስዱ ለነበሩ ሰዎች ብረት ሲጨመርላቸው የአብዛኞቹ ግፊት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በመድኃኒት መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሰፈረ ተራ እውቀት ነው። የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ ይፈተንበታል።

እንግዲህ ይህ ነው የመድኃኒትና የንጥረ ነገር ጠብ በትክክል አንጀት ውስጥ የሚካሄድበት ቦታ። ተጎጂውም ምግቡ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ሐኪሙ በቀጣዩ ቀጠሮ ግፊቷ አልወርድ ሲል ያያል፤ «አልወሰድሽም እንዴ?» ይላታል። ወስዳለች። በታማኝነት ወስዳለች። መጠኑ ይጨመርላታል። የሚያስፈልጋት ግን «ብረቱን ማታ፣ ይኼኛውን ጠዋት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በእርግዝና ወቅት የሚመጣ የደም ግፊትና የሚያስከትለው መንፈራገጥ በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በሆነበት ጊዜ ያ ዓረፍተ ነገር በቃል ሳይነገር፣ በወረቀት ሳይጻፍ መቅረቱ በሥራ ብዛት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ብረቱን የምትሰጠው አንዷ ክፍል፣ ሜቲልዶፓውን የሚሰጠው ሌላው መስኮት ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት በሴቲቱ ቦርሳ ውስጥ ብቻ ነው።

ሌላ ምናልባት ከዚህም የሰፋ ጉዳይ አለ። ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ስኳርም አለበት፤ ጨጓራም ይነሣበታል። ስለዚህ ከግፊቱ ኪኒን ጎን ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ይውጣል፣ ለዓመታት። ሲደክመው፣ እግሩን እንደ እሳት ሲያቃጥለው፣ ሲደነዝዘው፣ ሲረሳሳ፣ ጣቱን የሚቀስረው በግፊቱ መድኃኒት ላይ ነው፤ «ዕድሜ ልክ» የተባለው እሱ ስለሆነ። ምግብ እንዳይገባ የሚያደርገው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላኛው ነው። ሜትፎርሚን ቫይታሚን ቢ12 በአንጀት በኩል እንዳይገባ ያደርጋል፤ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ሐኪሞች ይህንን እንዲከታተሉ አሳስቧል። ኦሜፕራዞል ደግሞ የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ ቢ12 ከሥጋና ከወተት ተላቆ የሚወጣው በዚያ አሲድ ነው።

በዚህ ላይ ጾሙን ይጨምሯል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል። አጥባቂ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ እነዚህን አይቀምስም። ጤነኛ ሰው ጉበቱ ለዓመታት የሚሆን ቢ12 ስለሚያከማች ጾሙ ብቻውን አይጎዳው ይሆናል። ጾሙ፣ ሜትፎርሚኑና ኦሜፕራዞሉ ለአሥር ዓመት ሲገጣጠሙ ግን ጎተራው ከሦስት በኩል ይቀደዳል። ሐኪሙ የእግሩን መደንዘዝ «የስኳር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ስኳርም ሊሆን ይችላል፣ የቢ12 እጥረትም ሊሆን ይችላል። የኋለኛው በመርፌ ወይም በኪኒን የሚታከም ነገር ነው። ማንም ሳያስበው ሲቀር ነርቩ ላይ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል።

ስለ ጾም ከተነሣ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ኪኒን በጾም ሰዓት ይዋጣል አይዋጥም የሚለው ክርክር ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ እንዲተው ምክንያት ሆኗል። አምሎዲፒን ከሰውነት ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት የሚፈጅበት መድኃኒት ነው። በቀን አንዴ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ማታ ቢወሰድ ሥራውን ይሠራል። የንስሐ አባትም ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ ያውቃሉ። ሰዓቱን አስተካክሎ መስጠት እየተቻለ በጾምና በኪኒን መካከል ምረጡ ማለት ከሁለቱም ወገን ያለ ስንፍና ነው። በነገራችን ላይ ብረትና ዚንክ እንዳይዋሐዱ የሚያደርግ ነገር ከመድኃኒቱ ሣጥን ይልቅ ማዕዱ ላይ ይገኛል፤ እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ይይዛቸዋል (የጤፉ ሊጥ በደንብ ሲቦካ ይቀንሳል)፣ ከምግብ ተከትሎ የሚመጣው ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ያግዳል። ቡናውን የሚከስ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።

ታዲያ አንጀትን በእውነት የሚጎዳ የግፊት መድኃኒት የለም? አለ። ኦልሜሳርታን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 የ22 ታካሚዎችን ታሪክ አወጡ፤ ሁሉም ይህን መድኃኒት ይወስዱ ነበር፣ ሁሉም የማይቆም ተቅማጥ ነበረባቸው፣ ክብደታቸው አለቀ፣ ምግብ የሚመጥጠው የአንጀታቸው ሽፋን ተልጦ ተገኘ። መድኃኒቱ ሲቆም ዳኑ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አደረገ፤ በዚያው መግለጫ በሌሎቹ የዚያ ቤተሰብ መድኃኒቶች ላይ ይህ ችግር እንዳልታየ አስታወቀ። ስለዚህ «የግፊት መድኃኒት አንጀት ይልጣል» የሚለው ወሬ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ የአንድ መድኃኒት ታሪክ ተነቅሎ የሁሉም ተደረገ እንጂ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው አምሎዲፒንም ኢናላፕሪልም ያ አይደሉም፤ ሎሳርታንም በስሙ መጨረሻ ቢመሳሰልም ያ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለታካሚ መንገር አይገባም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ «ጉዳቱን ከነገርናቸው ያቆሙታል።» ክርክሩ ቅንነት አለበት፤ የሚነሣውም ታካሚን ከማጣት ፍርሃት ነው። ግን ጊዜው አልፎበታል። ታካሚው ቀድሞም እያቆመ ነው፤ ሳይነገረው። ጉዳቱን ከሐኪሙ ያልሰማ ሰው ከልጁ ስልክ ይሰማዋል፣ ያውም ተጋንኖ፣ ከሚሸጥ ዱቄት ጋር ተዳብሎ። ያኔ የሚያስበው «መድኃኒቱ ጎጂ ነው» ብቻ አይደለም፤ «ሐኪሙ ደብቆኛል» ብሎም ነው። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ከገባ በኋላ ቀጥሎ የሚነገረውን ሁሉ ማን ያምናል? በተቃራኒው «እማማ፣ ይህ ኪኒን ሽንት ያበዛል፣ ባትዎን ሊይዝዎት ይችላል፣ ከያዝዎት መጥተው ይንገሩኝ እንጂ አይጣሉት» የተባሉ ሴት ባታቸው ሲይዛቸው የሚያስታውሱት የሐኪሙን ቃል ነው።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ የተቋቋመው ሕዝቡ ባለበት ሄዶ የሚያስተምር የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ለማፍራት ነበር። ማስረዳት የሥራው ጌጥ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነበር። ዛሬ ለአንድ ታካሚ የሚተርፈው ደቂቃ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ የባለሙያው ደሞዝና የሥራ ጫናም ራሱን የቻለ ሌላ ሙግት ነው። ግን «ብረቱን ማታ» ለማለት አሥር ሰከንድ ይበቃል።

አሁን ወደ ከረጢቷ። ኪኒን ተቆጥሮ የሚሰጥባት ትንሽዋ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ከረጢት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «1 በ1» ወይም «ጠዋት 1 ማታ 1» ነው። የመድኃኒቱ ስም ብዙ ጊዜ የለም። ሰውየው የሚያውቀው «ነጯን ክብ» ወይም «ቢጫዋን» ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ መንገድ የሚዘጋበት፣ መድኃኒት የሚዘገይበት ጊዜ በዝቷል። ጤና ጣቢያው የለመደውን ሲያጣ ሌላ ይሰጣል፤ እሱም ሲጠፋ ታካሚው ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ቀጠሮው ሲያልፍበት ከጎረቤት ይበደራል። በዚህ መሀል «ነጯ ክብ» ሦስት ጊዜ ሌላ መድኃኒት ሆናለች። ስሙን የማያውቅ ሰው ፖታሺየም የሚያስወጣውን ከሚይዘው እንዴት ይለይ? ሆስፒታል ሲደርስ «ምን ትወስድ ነበር?» ሲባልስ ምን ይመልስ? ስም መጻፍ በጀት አይጠይቅም። እስክሪብቶ አለ፤ ከረጢቷም አለች።

ዱቄት ሻጮቹን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፣ ሽፈራውም፣ ተልባም፣ ጥቁር አዝሙድም። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የትኛውም ግን 180 የደረሰ ግፊት ይዞ የመጣን ሰው ኪኒን አያስጥልም፤ «ያስጥላል» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሰውየው ሲወድቅ አብሮ ወደ ሆስፒታል አይሄድም። ይህንን ሳያጣሩ ለሺህ ሰው የሚያስተላልፉ የዜና ቻናሎችም አሉ፤ ፖለቲካ ላይ ምንጭ የሚጠይቅ አንባቢ ጤና ላይ ሲደርስ «ለወዳጅዎ ያጋሩ» የሚለውን ይታዘዛል። እነዚሁ ሰዎች ለወገብ ሕመም የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ግፊት እንደሚያወጣና ኩላሊት እንደሚጎዳ አንድም ቀን ጽፈው አያውቁም። እሱ ከሚሸጡት ጋር አይጣላማ።

የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ብረትና ሜቲልዶፓ በተለያየ ሰዓት እንደሚወሰዱ አንድ መስመር ያሳትም። መድኃኒት ሰጪው በከረጢቷ ላይ ስሙን፣ ሰዓቱንና ከምን ጋር እንደማይወሰድ በአማርኛ ይጻፍ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው እግሩ ሲደነዝዝ ቢ12 ይታሰብለት። የጠዳ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ማኅበረሰቡ ሲወጡ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ ማዕድ ላይ ዘርግተው «ይህ ምንድነው? ለምን ተዉት?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ይመዝግቡ።

የተዉትም ሰዎች ኪኒኑን በራሳቸው ድንገት ከመጀመር ይልቅ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ። በሳል ምክንያት ኢናላፕሪል የተዉ ወደ ሎሳርታን ሊቀየርላቸው ይችላል። እግራቸው ያበጠባቸው የአምሎዲፒኑ መጠን ሊቀነስላቸው ይችላል። ባታቸውን የያዛቸው ፖታሺየማቸው ይታይላቸው። ክብደታቸው በእውነት እየቀነሰ ያለ ደግሞ ኪኒኑን ከመውቀሳቸው በፊት ለስኳር፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለእንቅርት ይመርመሩ፤ እነዚህ በአገራችን ሰው ከሚያከሱ የተለመዱ ምክንያቶች ውስጥ ናቸውና።